ሐይቁን የሚጠጣው ሞተር

እናቴ በዝዋይ ሐይቅ ቱሉ ጉዶ ደሴት ላይ ላለችው ለጽዮን ማርያም ስለት የተሳለችው እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የተፈተንኩ ዓመት ነው። "ልጄ ካለፈልኝ ጃንጥላ ይዤ ደሴቷ ድረስ እመጣለሁ" አለች። አለፍኩ። ጃንጥላውም ከመርካቶ ተገዛ። ደሴቷ ጋ ግን አልተሄደም። አባቴ በየዓመቱ "መስቀል ይለፍና እወስድሻለሁ" ይላታል፤ መስቀል ሲያልፍ የቡና ጭነት ይደርሳል፤ እሱ ደግሞ የጅማ መንገድ ሹፌር ነው። ጃንጥላው በላስቲክ እንደተጠቀለለ ወልቂጤ ቤታችን ቁም ሣጥን አናት ላይ ሃያ አራት ዓመት ኖረ። አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴ ቡታጅራ ወደምትኖረው እህቴ ስትዛወር ከሁሉ አስቀድማ ያወረደችው ያንን ጃንጥላ ነበር።

ባለፈው መስቀል ሁላችንም እህቴ ቤት ተሰበሰብን። ከአዲስ አበባ እኔ፣ ባለቤቴና ሁለቱ ልጆቻችን ወርደናል። የጉራጌ መስቀል እንዴት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ በመስቀል ሳምንት ቡታጅራ ውስጥ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት እየተጠሩ ክትፎ ከመብላት ሌላ ሥራ የለም። በአራተኛው ቀን ማታ እናቴ ማንንም ሳትመለከት "ዝዋይ እኮ እዚህ ሥር ነው" አለች። እውነቷን ነው። ከቡታጅራ ዝዋይ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሃያ አራት ዓመት ያልተሄደበት መንገድ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ነው።

"ነገ እንሄዳለን" አልኩ። እንደ አባቴ ሳይሆን እንደሚፈጽም ሰው አድርጌ ነው ያልኩት። እዚህ ላይ ትንሽ ጉራ እንደነበረብኝ አልክድም።

በማግስቱ በጠዋት መነሳት ነበረብን፤ አልተነሳንም። ጎረቤት ለቁርስ ጠራን፤ እምቢ ማለት ደግሞ ነውር ነው። ከዚያ ልጆቹ ከቡታጅራ ወጣ ብሎ ያለውን ሐረ ሸይጣንን ካላየን አሉ። ይህ ገደል ውስጥ የተቀመጠ አረንጓዴ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ነው። አፋፉ ላይ ቆመው ድንጋይ እየወረወሩ "ውሃው ጋ ደረሰ፣ አልደረሰም" ሲከራከሩ ሰዓቱ ነጎደ። ዝዋይ፣ በአሁኑ የከተማዋ ስም ባቱ፣ ስንደርስ አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ጀልባ የተነጋገርነው ከአንድ ወጣት ጋር ነው። የሐይቁ ልጅ፣ ዛይ ነው። ሰዓቱን አይቶ ፊቱ ቅር አለው። "ጋሼ፣ ጠዋት ብትመጡ ጥሩ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል፤ ሐይቁ ይቆጣል" አለኝ። እኔም "ታዲያ ምን ችግር አለ፣ ፈጠን ብለን ደርሰን እንመለሳለን" አልኩት። እናቴን አየና ትንሽ አሰበ። "ለእማማ ብዬ ነው" አለ። አራት የመዋኛ ጃኬት ነበረው፤ ከእሱ ጋር ስድስት ነን። ለእናቴ፣ ለልጆቹና ለባለቤቴ አለበስናቸው። ያን ጊዜ ይህ ጨዋነት መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ለሁሉም ሰው የሚበቃ ጃኬት የሌለበት ጀልባ ላይ ቤተሰቤን ማሳፈር አልነበረብኝም።

ሞተሩ ጀልባው ኋላ ላይ የሚታሠር፣ ባለ አርባ ፈረስ ጉልበት፣ ቀለሙ የተላላጠ ነው። ልጁ ገመዱን ሳበ፤ ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ተነሳ። ወዲያው ከሞተሩ ጎን ካለች ትንሽ ቀዳዳ ቀጭን የውሃ ጅረት ተወርውራ ወጣች። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ "ኧረ ይሸናል!" ብላ ጮኸች። ባለጀልባው ሳቀ። "አዎ፣ እየሸናች እስከሄደች ድረስ ደህና ናት" አላት። ከዚያ ለአሥራ አራት ዓመቱ ወንድሟ ዘርዘር አድርጎ አስረዳው። እኔም ጆሮዬን ጣል አድርጌ እየሰማሁ ነበር፤ ወልቂጤ የአባቴ መኪና ሥር ተኝቼ ያደግሁ ሰው ስለ ሞተር የሚነገረኝ አዲስ ነገር ይኖራል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ነበር። የመኪና ሞተር የራሱን ውሃ ይዞ ይዞራል። ውሃው ሞተሩን ያቀዘቅዛል፣ ራዲያተር ውስጥ ገብቶ በነፋስ ይበርዳል፣ ተመልሶ ይገባል። የጀልባ ሞተር ራዲያተር የለውም። ውልብልቢቱ አካባቢ፣ ከውሃው በታች፣ ወንፊት የመሰለች መግቢያ አለችው፤ በዚያ የሐይቁን ውሃ ይስባል፣ ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ሞተሩን ዙሪያውን አጥቦ መልሶ ሐይቁ ውስጥ ይተፋዋል። የሚገፋው ፓምፕ ውስጥ ያለችው ዋና ዕቃ ደግሞ ከመዳፍ የማትበልጥ፣ እንደ አበባ የጎማ ክንፎች ያሏት ክብ ነገር ናት። ኢምፔለር ይሏታል። በጎን የምትወጣው ጅረት ውሃው ላይ መድረሱን ለባለጀልባው የምትነግር ምልክት ናት። ስለዚህ የጀልባ ሞተር ሐይቁን እየጠጣ ነው የሚሄደው። ሐይቁ ውስጥ ያለው ሁሉ፣ ጭቃውም፣ ሣሩም፣ ፌስታሉም፣ ሆዱ ሊገባ ይችላል።

የዝዋይን ውሃ ያያችሁ ቡናማ መሆኑን ታውቃላችሁ። ስፋቱ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ካሬ ቢያልፍም ጥልቀቱ በአብዛኛው ከሁለት ሜትር ተኩል ብዙም አይበልጥም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ ዘጠኝ ሜትር ገደማ ነው። ነፋስ ትንሽ ሲያማስለው ከሥር ያለው ደለል ይነሳል። መስቀል ደግሞ ክረምቱ ገና የወጣበት ጊዜ ነው፤ ወንዞቹ ያመጡት አፈር አልረጋም፤ የተነቀለ ሣርና እምቦጭ በየቦታው ክምር ክምር እያለ ይንሳፈፋል። ባለጀልባው እነዚያን ክምሮች እያየ፣ ፍጥነቱን እየቀነሰ፣ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እየዞረ ነበር የሚሄደው። እኔ ደግሞ ሰዓቴን እያየሁ።

"ወንድሜ፣ ጨመር አድርግላት እንጂ" አልኩት። አንዴ አልኩት፤ ዝም አለኝ። ሁለተኛ አልኩት። ሦስተኛ ላይ "እሺ ጋሼ" ብሎ ጋዙን ሰጣት። ጀልባዋ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ መብረር ጀመረች፤ ልጆቹ ጮኹ፤ ባለቤቴ ነጠላዋን ያዘች። ከፊታችን ሰፋ ያለ አረንጓዴ ምንጣፍ ነበረ። በመሃሉ ሰንጥቀነው አለፍን።

ልጄ ከኋላ፣ ፊቱን ወደ ሞተሩ አዙሮ ነበር የተቀመጠው። ምናልባት ከአንድ ደቂቃ በኋላ "አባቢ፣ መሽናት አቆመች" አለኝ።

"ነፋሱ በትኖት ነው" አልኩት።

"አይ አባቢ፣ ጨርሶ ቆሟል።"

"ዝም ብለህ ተቀመጥ!"

ይህን ያልኩት ጮክ ብዬ ነው፤ እናቴም ባለቤቴም ሰምተዋል። ልጄ ዝም አለ። ባለጀልባው ከፊት ያለውን ሣር ነበር የሚያየው፤ የሞተሩ ጩኸት ደግሞ የልጁን ድምፅ ውጦታል። ምን ያህል እንደሄድን አላውቅም፤ ሦስት ደቂቃ፣ አራት ደቂቃ። መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው፣ የሚቃጠል ቀለምና የጋለ ብረት ሽታ። ቀጥሎ የሞተሩ ድምፅ ወፈረ፣ ጉልበቱ ደከመ። ከዚያ ከክዳኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ወጣ። ባለጀልባው ዘሎ አጠፋው።

ሐይቅ መሃል ሞተር ሲጠፋ የሚመጣው ዝምታ እንዲህ ነው ብዬ ልነግራችሁ አልችልም። ውሃው ጀልባዋን ሲመታ ብቻ ይሰማል። የመጣንበት ዳርቻ ቀጭን መስመር ሆኗል፤ ደሴቷም ሩቅ ናት። ነፋሱም፣ እንደተባለው፣ መነሳት ጀምሯል።

እኔ መጀመሪያ ያደረግሁት የማላፍርበት ቢሆን ደስ ባለኝ። ጀልባዋ ውስጥ ውሃ የሚቀዳበት የተቆረጠ ጀሪካን ነበረ። ብድግ አድርጌ ከሐይቁ ቀዳሁና የሞተሩን ክዳን ሊያነሳ ወደጎነበሰው ልጅ ሄድኩ፤ ላፈስበት ነው። እናቴ ከተቀመጠችበት "አታፍስ!" አለች። እናቴ አትጮህም። ያን ቀን ጮኸች። "የአባትህን መኪና ማን እንዲያ ሲያደርግ አየህ? ተዋት፣ ትተንፍስ!"

አባቴ ኤንትሬ ይነዳ ነበር። ከወልቂጤ ወደ ጅማ ሲኬድ የጊቤ በረሃ አለ፤ ወርዶ ወርዶ ድልድዩ ጋ ይደርስና መልሶ ሽቅብ ነው። ያ ዳገት ስንቱን መኪና እንዳፈላ የድሮ ሾፌሮች ያውቃሉ። እናቴ ትዳር እንደያዙ ሰሞን አብራው ትጓዝ ነበር፤ በረሃው ውስጥ መኪና ሞቆ ሲቆም ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የጠበቀችው ጊዜ ብዙ ነው። አንድ ጊዜ ረዳቱ ቸኩሎ የራዲያተሩን ክዳን ከፈተ፤ አባቴ ልጁን ገፍቶ እሱ ተቃጠለ። ከክርኑ እስከ አንጓው ድረስ ያለውን ጠባሳ እኛ ልጆቹ እንደ ካርታ እየተከተልን በጣታችን እናነበው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሕጉ አንድ ነበር። መርፌዋ ከወጣች ትቆማለህ፤ ታጠፋለህ፤ ክዳን አትነካም፤ ውሃ አታፈስም፤ ትቀመጣለህ።

ምክንያቱን በኋላ ነው የተረዳሁት። ራዲያተር ክዳኑ ተጠርቅሞ በግፊት ነው የሚሠራው። ግፊቱ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ይይዘዋል። በተለይ ለእኛ ለደጋ ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው በመቶ ሳይሆን በዘጠና ሁለት ዲግሪ ገደማ ነው፤ ብዙ የመኪና ሞተር ደግሞ ሥራውን የሚሠራው ዘጠና አካባቢ ነው። ክዳኑ ሲከፈት ግፊቱ በአንዴ ይለቀቃል፣ ያ ሁሉ ውሃ በቅጽበት ፈልቶ ፊት ላይ ይወጣል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ደግሞ ብረቱን እኩል አያቀዘቅዘውም፤ ቴስታታው ይጣመማል፣ አንዳንዴም ይሰነጠቃል። የጀልባ ሞተር አካሉ አሉሚኒየም ስለሆነ ይብስበታል። እኔ በጀሪካን ልሠራው የነበረው ይህንን ነው፤ ቤተሰቤን ይዤ፣ ሐይቅ መሃል።

ባለጀልባው ምንም አላለኝም። መልሕቁን ጣለ፤ ነፋሱ ወደ ሸምበቆው እንዳይወስደን። ጉማሬ እዚያ ነው የሚውለው። ይህን የተናገረው ለእኔ ብቻ በሹክሹክታ ነበር፤ እናቴ ግን ሰምታው ኖሮ አማተበች። ከዚያ ስልኩን አወጣና በቋንቋው ከሆነ ሰው ጋር ተነጋገረ። እናቴ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰማችው። "ወንድሙን ነው፤ ዓሣ ላይ ነው፤ ሲጨርስ ይመጣል አለው" አለችን። ሁላችንም ደነገጥን፤ ልጁም ጭምር። የዛይ ቋንቋ የስልጤና የወለኔ የቅርብ ዘመድ ነው፤ እናቴ ደግሞ ቡታጅራ ገበያ ከስልጤ ሴቶች ጋር ስትሸጥና ስትገዛ ያደገች ናት። "እማማ፣ እንዴት ሰሙኝ?" አላት። "ትንሽ ትንሽ፤ አንተ ስትሮጥበት ነው የሚያመልጠኝ" አለችው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ እኔን ረስተው ጨዋታ ያዙ። ደሴቷን፣ ታቦተ ጽዮን በዮዲት ጊዜ ከአክሱም ሸሽታ እዚያ ተቀምጣለች የሚለውን የአባቶች ትውፊት፣ የደሴቱ ሽማግሌዎች እንዴት በቄጠማ ታንኳ ገበያ እንደሚመጡ፣ ስለ ቆሮሶ ዓሣ ዋጋ ሁሉ ተነጋገሩ። እናቴ ከዘንቢሏ ቆጮና አይብ አወጣች። ስለት ይዞ የሚሄድ ሰው ሳይፆም መሄዱ አሳስቧት ነበር፤ ግን ልጆቹ ራባቸው። ቆጮ የሚበላ ልጅ አይፈራም።

ልጄ ግን አልበላም። ፊቱን አዙሮ ሞተሩን ያያል።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ባለጀልባው ሞተሩን በእጁ ዳሰሰና ወደ ላይ ገልብጦ ከውሃው አወጣው። መግቢያዋ ወንፊት በሣር ሥር ተጠቅልላለች፤ በሥሩ ላይ ደግሞ ከማዳበሪያ ከረጢት የተመዘዘ ነጭ ክር ደርቦ ደራርቦ ተጠምጥሟል። በቢላ ቆራርጦ አወጣው። "ይኸው" አለ። ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። መልሶ ነከረውና አስነሳ። ጅረቷ አልወጣችም። አጠፋው። ከሳጥኑ ቀጭን ሽቦ አወጣና በጎን ባለችው ቀዳዳ ሰደደው፤ ከውስጥ እንደ ጥቁር ቡና አተላ ያለ ጭቃ ወጣ። እንደገና አስነሳ። አሁን ጅረቷ መጣች፤ ግን እንደ ድሮዋ አትወረወርም፤ ትንጠባጠባለች።

"አያችኋት?" አለና ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ልጄ ዞረ። "ቀዳዳዋ ብቻ ተደፍና ቢሆን ኖሮ አሁን ትወረወር ነበር። ውሃው ከታች እየመጣ አይደለም ማለት ነው። ፓምፗ ደክማለች።" ልጄም "ውሃ ሳታገኝ ስለዞረች ነው?" አለው። ባለጀልባው በአግራሞት አየው። "ልክ ነህ። ጎማዋን የሚያለሰልሳት ራሱ ውሃው ነው። በደረቅ ስትዞር ትቃጠላለች።"

ልብ በሉ፣ ልጁ ያንን ጥያቄ የጠየቀው እኔን አይደለም።

አሁን የሚወሰን ነገር ነበረ። ደሴቷ ወደፊት ናት፤ ባቱ ወደኋላ። ርቀቱ ብዙም አይለያይም። በዝግታ፣ ሞተሩን እያሳረፉ መሄድ ይቻላል፤ ግን ወደ ደሴቷ ነፋሱ ፊት ለፊት ነው፣ ማዕበሉም እየጨመረ ነው፤ መመለሻውም ገና አለ። እናቴን አየኋት። ጃንጥላው ጉልበቷ ላይ ነው። ላስቲኩ ላይ ውሃ ተረጭቷል፤ በነጠላዋ ጫፍ ትጠርገዋለች። "እንሞክር" ልል ነበር። ሃያ አራት ዓመት ጠብቃ፣ ግማሽ መንገድ ደርሳ፣ ከእኔ ጋር መጥታ እንድትመለስ አልፈለግሁም። ከአባቴ የተሻልኩ ልሆን ነበር የመጣሁት።

"ልጄ፣ መልሰን" አለችው ለባለጀልባው። እኔን አልጠየቀችኝም።

ተመለስን። ሞተሩ እንደ ሰው እርምጃ እየሄደ፣ አምስት ደቂቃ ሠርቶ አሥር ደቂቃ እያረፈ። ባለጀልባው ከመሪው አልተነሳም፤ ጅረቷን እንዲጠብቅ የሾመው ልጄን ነበር። "ቀነሰች" ሲል ያጠፋል፤ "መጣች" ሲል ያስነሳል። ማዕበሉ ጎናችንን እየመታ አርሶናል፤ ትንሿ ልጄ እናቷ ጉያ ውስጥ ገብታለች። አሥር ሰዓት ገደማ ወንድሙ ዓሣውን እንደጫነ ደረሰና በገመድ ጎተተን። ባቱ ዳርቻ ስንደርስ የባለቤቴ እጅ የጀልባዋን ጠርዝ ከመያዙ የተነሳ አልታጠፍ ብሎ ነበር። እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ከወረድን በኋላም የተናገረችኝ ጥቂት ነው፤ ለዚህ መጽሔት አይሆንም።

ባለጀልባው ሞተሩን እዚያው ዳርቻ ላይ ፈታው። ልጄ ካልጨረሰ አንሄድም አለ፤ እኔም ለመከራከር ፊት አልነበረኝም። የታችኛውን እግር ለመልቀቅ ጥቂት ብሎኖች ናቸው፤ የፓምፑ ክዳን ደግሞ ሌላ አራት። ካቻቢቴውን ሲያስገባ ክዳኑ ተላቀቀና ያቺ የጎማ አበባ ወጣች። ክንፎቿ ደርቀው ወደ አንድ ወገን ተጣመዋል፤ ጫፋቸው ተበልቷል፤ አንዷ ክንፍ የለችም። እኔ "ተገኘ፣ ይኸው ነው በቃ" ስል ልጁ ራሱን ነቀነቀ። "ጋሼ፣ የጠፋችው ክንፍ የት ሄደች? እሷን ሳላገኝ አዲስ ብገጥም ነገም ይሞቃል።" ውሃው በሚወጣበት ቀጭን ቱቦ ውስጥ ሽቦ ሰደደ፣ እፍ አለበት፣ መልሶ ሰደደ። በመጨረሻ የጥፍር ያህል ጥቁር ጎማ ተፍ ብሎ ወጣ። ልጄ በመዳፉ ተቀበለው።

ከክዳኑ ውስጥ የወጣውን ጭቃ በጣቱ አሸት አድርጎ አሳየን። ደቃቅ ነው፤ ግን ውስጡ አሸዋ አለበት፤ ጎማውን እንደ ሞረድ የሚበላው እሱ ነው። "ይህ ከየት ይመጣል?" አለ ልጄ። ባለጀልባው በአገጩ ወደ ምዕራብ አመለከተ። ፀሐይ ልትገባ ያዘነበለችበት፣ ሰማያዊ ሆኖ የተዘረጋው የእኛው የጉራጌ ተራራ ነው። መቂ ወንዝ ከዚያ ይነሳል፤ ዝዋይ ይገባል። በየክረምቱ ከዘቢዳር ሥር ካሉ ማሳዎች የሚታጠበው አፈር ማረፊያው ይህ ሐይቅ ነው። እናቴ ጭቃውን አየችው። "የእኛ አፈር ነው በለኛ" አለች፣ የራሷ ዘመድ ሰው ቤት ጥፋት አጥፍቶ እንደተያዘባት።

ለባለጀልባው የሄድነውን ብቻ ሳይሆን የደርሶ መልሱን ከፈልኩት፤ አዲስ ኢምፔለር መግዣም ጨመርኩለት። ሁለተኛውን አልቀበልም አለ። "የእኔ ናት፣ ከክረምቱ በፊት መለወጥ ነበረብኝ" አለ። እኔም "ጨምር ያልኩህ እኔ ነኝ" አልኩት። ለጥቂት ጊዜ ጥፋቱን አንዱ ካንዱ እየነጠቅን ቆየን፤ በመጨረሻ እናቴ ገንዘቡን ከእጄ ወስዳ ኪሱ ውስጥ ከተተችለት።

ወደ ቡታጅራ ስንመለስ መሽቷል። መንገዱ ሽቅብ ነው፤ መኪናዬ አሮጌ ናት፤ አምስት ሰውና አንድ ጃንጥላ ጭናለች። ዓይኔን ከሙቀት መርፌዋ ላይ አላነሳሁም። ልጄ ከጎኔ ተቀምጦ ነበር፤ እናቱ ከኋላ እንድትተኛ ቦታ ለቆላት ነው። ከብዙ ዝምታ በኋላ "ዛሬ ነግረኸኝ ነበር፣ አልሰማሁህም፤ ይቅርታ" አልኩት። ወዲያው አልመለሰልኝም። ከዚያ "አያቴ ቢሆን ይሰማኝ ነበር?" አለ።

አባቴን አስታወስኩት፤ ጠባሳውን፣ ከረዳቱ ጋር ሲጨቃጨቅ። እውነቱን ነገርኩት። "አላውቅም። እኔ ስነግረው ብዙ ጊዜ አይሰማኝም ነበር።" ከኋላ የተኛች የመሰለችን እናቴ "እኔንም አይሰማኝም ነበር፤ መኪናዋን ግን ይሰማ ነበር" አለች። ሳቅን። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቀን።

ያቺ ክንፏ የጎደለ ጎማ አሁን ሳሎናችን ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጣለች፤ ልጄ ለክፍል ጓደኞቹ ሊያሳይ ትምህርት ቤት ወስዶ መልሷታል። ባለጀልባው ደግሞ በቀደም ደውሎ ነበር። አዲስ ፓምፕ አስገብቷል፤ ሁለት ጃኬትም ጨምሯል። ኅዳር ውስጥ ሐይቁ ጠራ ይላል፣ ሣሩም ይቀንሳል ብሎናል። እናቴ በስልክ "ስንት ሰዓት ነው የምንነሳው?" ትለኛለች በየሳምንቱ፤ "ባቱ አድረን አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሐይቁ ላይ ነን" እላታለሁ። ጃንጥላው መኪናው ውስጥ ነው። ልጄ ከኋላ፣ ፊቱን ወደ ሞተሩ አዙሮ ይቀመጣል፤ በዚህ ተስማምተናል።